ሒሳብን ከቀኝ ወደ ግራ፦ በካርቱም ንግድ የተማርን ኢትዮጵያውያን ታሪክ



የኢዮቤልዩ መጽሔቱ አዘጋጅ ኮሚቴ በካርቱም የንግድና የሒሳብ አያያዝ ትምህርት የተከታተልን አባላት ስለዚያ ዘመን እንድንጽፍ ሲጠይቀን፣ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያየን። ስለ ስደቱ፣ ስለ በረሃው፣ ስለ ገዳሪፍና ከሰላ ሰፈሮች ብዙ ተብሏል። ስለ ደብተርና እርሳስ ምን ይባላል? ይሁንና ልጆቻችን «ሱዳን እያላችሁ ምን ትሠሩ ነበር?» ብለው ሲጠይቁን የምንሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ መሆኑን አስተዋልን፤ «ወደ ሌላ አገር ለመሻገር ተራ እንጠብቅ ነበር» እንላቸዋለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ተራ ስንጠብቅ ተምረናል፤ የተማርነውም ከጠበቅነው የተለየ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ፣ በካርቱም እንቆጥርበት እንደነበረው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ካርቱም ያደረሰን መንገድ

እንደሚታወቀው የሁለቱ አገሮች ሕዝብ በንግድ የተዋወቀው ከእኛ በፊት ብዙ ዘመን ነው። የጎንደር ነጋዴ በመተማ በኩል ይወርድ ነበር፤ ጀላባ የሚባለው የሱዳን ነጋዴም በዚያው ይወጣ ነበር። አፄ ዮሐንስ በ1889 ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁባት መተማ የጦር ሜዳ ከመሆኗ በፊት የገበያ ከተማ ነበረች። በ1940 ደግሞ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ስደታቸው ተነሥተው ካርቱም ገቡ፤ ወራት ቆይተው ጃንዋሪ 20 ቀን 1941 በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን መሬት ረገጡ። ካርቱም ለኢትዮጵያውያን የስደት መጠለያና የመመለሻ በር የሆነችው እንግዲህ በእኛ ትውልድ አይደለም።

የእኛ ትውልድ የመጣው በሌላ ምክንያት ነው። ከፊሉ ከቀይ ሽብር ሸሽቶ፣ ከፊሉ በ1984 እና በ1985ቱ ድርቅና ጦርነት ተገፍቶ፣ ከፊሉም ከ1991 በኋላ እንጀራ ፍለጋ ድንበር ተሻገረ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከ1991 በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የሰጠውን ከለላ ከማርች 2000 ጀምሮ ሲያነሣ፣ ብዙዎቻችን ወይ እንመለስ ወይ እንደ ሠራተኛና እንደ ተማሪ ፈቃድ አውጥተን እንቀመጥ የሚል ምርጫ ተደቀነብን። በዚያን ጊዜ የተማሪ መታወቂያ ቀላል ነገር አልነበረም። ትምህርት ፈልጎ የገባ አለ፤ መታወቂያውን ፈልጎ የገባም አለ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ይበዛ ነበር።

ካርቱም የትምህርት ደሃ ከተማ አልነበረችም። በ1902 የተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ፣ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በኦምዱርማን የባቢክር በድሪ ልጅ ዩሱፍ በድሪ በ1966 የከፈቱት የአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ እኅቶቻችን በእንግሊዝኛ መማር ከፈለጉ መጀመሪያ የሚያስቡት እርሱን ነው። ለእኛ ለሠራተኞቹ ግን የሚመቸው ሌላ ነበር። የካይሮ ዩኒቨርሲቲ በ1955 በካርቱም የከፈተው ቅርንጫፍ የንግድ ፋኩልቲ ነበረው፤ የሚያስተምረውም በማታ በመሆኑ ቀን ሆቴል ቤት፣ ጋራዥ ወይም ሱቅ ውሎ ማታ ክፍል መግባት ይቻል ነበር። በ1993 የሱዳን መንግሥት ወስዶት «ኒለይን» ተባለ፤ ሁለቱ ናይሎች ማለት ነው። ስሙ ለእኛ ደስ ይል ነበር፤ አንደኛው ናይል የእኛው ዓባይ ነውና።

ታላላቆቻችን፣ ማለትም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመጡት፣ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ትምህርት በእንግሊዝኛ ይከታተሉ ነበር። በ1990 ግን መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ ዐረብኛ እንዲሆን ወሰነ። እኛ የደረስነው ከዚህ በኋላ ነው። በአገር ቤት በእንግሊዝኛ የጀመርነውን የሒሳብ መዝገብ አያያዝ በዐረብኛ እንደ ገና ከሀ ብለን ጀመርነው።

ፊደሉና ቁጥሩ

የገበያ ዐረብኛ ነበረን። ቲማቲም መግዛት፣ ከአውቶቡስ ረዳት ጋር መጨቃጨቅ፣ የቤት ኪራይ ቀን ማስለመን እንችል ነበር። መምህሩ ግን የሚናገሩት የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው፤ ገበያ ላይ የማናውቀው። ያልታሰበው እርዳታ የመጣው ከክፍል ጓደኞቻችን፣ ከወሎ፣ ከጅማና ከሐረር ከመጡት ሙስሊም ወንድሞቻችን ነው። በልጅነታቸው ቁርአን ስለቀሩ ፊደሉን ያውቁታል፤ እኛ «አሊፍ» ስንል እነሱ ገጽ ያገላብጣሉ። አገር ቤት ሳለን ስንቶቻችን የእነሱን የቁርአን ቤት ትምህርት ከትምህርት ቆጥረነው እናውቃለን? በካርቱም የማታ ክፍል ውስጥ ግን አስጠኚዎቻችን እነሱ ሆኑ።

ደግሞም አንድ የሚያስቅ ነገር ነበር። በየኔታ ፊት «ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ» ብለን ስንቆጥር፣ በድምፅ ለማይለያዩ ፊደሎች ለምን እንደምንደክም አናውቅም ነበር። ዐረብኛ ስንማር እነዚያ ፊደሎች ሁሉ በሕይወት ተገኙ። «ሒሳብ» በሐመሩ ሐ የሚጻፈው ከጉሮሮ ስለሚወጣ መሆኑን ያወቅነው፣ «ሙሓሰባ» የሚለውን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ስም በሃሌታው ሀ ስንጠራ ክፍሉ ሲስቅብን ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን መዝገቡ ነበር። በአገራችን የተማርነው የሒሳብ መዝገብ ዴቢት በግራ፣ ክሬዲት በቀኝ ነው። በዐረብኛው መዝገብ ግን ጽሕፈቱ ከቀኝ ስለሚነሣ ዴቢት በቀኝ፣ ክሬዲት በግራ ይሆናል፤ በላያቸውም «ሚንሁ» እና «ለሁ»፣ «ከእርሱ» እና «ለእርሱ» ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሮቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ናቸው። አምስታቸው የእኛን ዜሮ ትመስላለች፤ ዜሯቸው ነጥብ ብቻ ናት፤ ስድስታቸው ለቸኮለ ሰው ሰባት ትመስላለች። ቃላቱ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጻፉ ቁጥሩ በመካከላቸው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ከእኛ አንዱ በፈተና ላይ 550 የነበረውን ሁለት ዜሮዎችና አንድ ነጥብ አድርጎ አንብቦት፣ ድርጅቱ ምንም ገንዘብ የለውም ብሎ ኪሳራ አወጀበት። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልሱ «ይህ ነጋዴ ምን በደለህ?» ብለው ጻፉበት።

ይህን ሁሉ ስንታገል አንድ ነገር ለማስተዋል ዘገየን፤ የአማርኛው ገበያ አብዛኛውን ቃል ቀድሞ ያውቀው ነበር። ሒሳብ ያው ሒሳብ ነው። ኪሳራችን የእነሱ «ኸሳራ» ናት። ሱቅ ሱቅ ነው፤ ደላላ ደላል፣ ወኪል ወኪል፣ ሰነድ ሰነድ፣ ሐዋላ ሐዋላ ነው። ደብተራችን ከእነሱ «ደፍተር»፣ መጋዘናችን ከእነሱ «መኽዘን» ጋር ዘመድ ነው። ሻጭ ቃሉን እንዳያጥፍ የምንሰጠው ቀብድም መያዝ፣ መጨበጥ ከሚለው «ቀብድ» ጋር ይቀራረባል። በንግድ አብሮን የሚሠራውን «ሸሪክ» ስንለው «ሙሻረካ» የሚለውን የባንክ ውል ግማሹን እየጠራነው ነበር። የአያቶቻችን ነጋዴዎች በመተማና በምፅዋ በኩል ዕቃ ብቻ አላመጡልንም። ይህን ከክፍላችን አንዷ እኅታችን ደብተሯ ጀርባ ላይ በሁለት ዓምድ መዝግባ ስታሳየን፣ ከዚያ በፊት የነበረው ፍርሃታችን ግማሹ ጠፋ።

ወለድ የሌለበት መዝገብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ንግድ ተምሮ ወለድ ያልተማረ ሰው ይኖራል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። በሱዳን ፋይሰል ኢስላማዊ ባንክ በ1977 ተቋቋመ። በሴፕቴምበር 1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ አወጁ፤ በ1984 ባንኮች ሁሉ ከወለድ ውጭ እንዲሠሩ ታዘዙ። ከ1989 በኋላ የመጣው መንግሥት ደግሞ ይህንኑ አጠበቀው። በ2005 የሰላም ስምምነት ደቡቡ የተለመደውን ባንክ እንዲይዝ ሲፈቀድ ሰሜኑ በዚያው ቀጠለ። ስለዚህ በካርቱም የምንማረው የባንክ ትምህርት «ብድር ሰጠ፣ ወለድ ሰበሰበ» የሚል አልነበረም።

ለልጆቻችን በቀላሉ እንንገራቸው። ማቀዝቀዣ መግዛት ትፈልጋለህ፤ ገንዘብ የለህም። ባንኩ ገንዘብ አያበድርህም። ራሱ ማቀዝቀዣውን በ100 ይገዛና ትርፉን ነግሮህ በ115 በየወሩ ከፍለህ እንድትጨርስ ይሸጥልሃል። ይህ «ሙራበሐ» ነው። እኛ ከኋላ ወንበር «ታዲያ ይህ ከወለድ በምን ይለያል?» እያልን እናንሾካሹክ ነበር። ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልነበረም። በእኛ አስተዳደግ መምህርን መሞገት ነውር ነው፤ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ብዙ ጥያቄ አስቀርቶብናል። ሱዳናውያኑ ተማሪዎች ግን እጃቸውን ሳያወጡ ይሞግታሉ፤ መምህሩም አይቆጡም። አንድ ቀን ያንኑ ጥያቄ እነሱ ጠየቁልን። መምህሩ ሲመልሱ፣ ዕቃው ለአንተ እስኪሸጥ ድረስ የባንኩ ነው፣ ቢሰበር የሚሰበረው በባንኩ ነው፤ ከተሸጠም በኋላ ብትዘገይ ዕዳው አያድግም አሉ። ቀጥሎም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በተግባር ብዙ ባንኮች ዕቃውን በዓይናቸውም ሳያዩት ወረቀት ላይ እንደሚያልፉት ነገሩን። ይህ ሐቀኝነታቸው ከትምህርቱ የበለጠ ተማረከን።

«ሙሻረካ» ሁለቱም ካፒታል አዋጥተው ትርፍና ኪሳራ የሚካፈሉበት ነው። «ሙዳረባ» አንዱ ገንዘቡን ሌላው ጉልበቱን የሚያመጣበት ነው። ይህን ስንሰማ የገጠር ልጆች የሆንን ሳቅን፤ የእኩል አራሽና የሲሶ አራሽ ልጆች ነንና። «ሰለም» ደግሞ ለገበሬው ገንዘቡ አስቀድሞ ተሰጥቶት ማሽላውን ወይም ሰሊጡን በመከር የሚያስረክብበት ውል ነው። በእኛ አገር ይህንኑ የሚያደርገው እህሉ ገና አረንጓዴ ሳለ በርካሽ የሚገዛው ነጋዴ ነው፤ ገበሬው ከዚያ ዓመት ዕዳ አይወጣም። በሱዳኑ ውል ውስጥ ግን የገበያው ዋጋ ከተዋዋሉት እጅግ ሲርቅ የተጎዳው ወገን የሚካስበት አንቀጽ ነበረ። «ኢዛለት አል ጉብን» ይሉታል፤ መበደልን ማስወገድ እንደማለት ነው። ይህን ቃል ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚህ ትምህርት ላይ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ረዥም ክርክር የተነሣበትን እሑድ እናስታውሳለን። አማርኛችን «ወለድ» እና «አራጣ» ብሎ ይለያል፤ አንዱ በባንክ የተፈቀደ፣ ሌላው ሰውን የሚበላ ነው። የክፍሉ ዐረብኛ ግን ሁለቱንም «ሪባ» በሚል አንድ ቃል ያወግዛል። አንድ አረጋዊ አባት ዝም ብለው ሲሰሙን ቆይተው፣ አራጣ በእኛም ዘንድ የተወገዘ ነው፣ ልዩነቱ እኛ ውግዘቱን ለቄሱ ትተን ንግዱን ለነጋዴው መስጠታችን ነው አሉን። ከዚያን ቀን በኋላ የሱዳኖቹን መጽሐፍ እንደ ባዕድ ነገር ማየት ተውን። የዘካን ሒሳብ ጭምር፣ ከትርፍ ሀብት መቶ ላይ ሁለት ተኩል፣ መነሻው የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ፣ ከሙስሊሞቹ እኩል ሠርተን አልፈናል።

ገንዘቡም ራሱ ትምህርት ነበር። በ1992 ዲናር ወጣ፤ አንዱ ዲናር አሥር ፓውንድ ነበር። ሕዝቡ ግን በፓውንድ መቁጠሩን አልተወም፤ ዋጋ ሲጠራ በአሮጌው፣ ሲከፍል በአዲሱ ነው። በ2007 ደግሞ ሌላ አዲስ ፓውንድ መጣና መቶ ዲናር በአንድ ተለወጠ። ባለ ሱቁ ያኔም «ቢ አልፍ»፣ በሺህ፣ ይልህ ነበር፤ አንድ አዲስ ፓውንድ ማለቱ ነበር። አዲስ የመጣ ሰው አንድ ጀበና ቡና አንድ ሺህ ሲባል ደንግጦ ይነሣ ነበር። በዚህ ላይ አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በጣለችው ማዕቀብ የተነሣ በሌላው ዓለም የሚሠራው የባንክ ካርድ ካርቱም ላይ ፕላስቲክ ብቻ ነበር። ስለ ዓለም አቀፍ ክፍያ በመጽሐፍ የምናነበውን በሱቅ ዐረቢ አንድ ነጋዴ በስልክና በደብተር ሲሠራው እናይ ነበር።

ከክፍል ውጭ

አብዛኞቻችን በዴም፣ በጅሬፍና በሐጅ ዩሱፍ ተከራይተን እንኖር ነበር። የሱዳናውያኑ ሰላምታ ረዥም ነው፤ ትከሻ መታ አድርጎ፣ ጤናህን፣ ቤትህን፣ ከብትህን ሁሉ ጠይቆ ነው ወደ ጉዳይ የሚገባው። ይህ ለእኛ እንግዳ አልነበረም። ሙዚቃቸውም ከእኛ ጋር በአምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚገናኝ፣ መሐመድ ወርዲን ወይም ሰይድ ኸሊፋን ሰምቶ አገሩን ያላስታወሰ ኢትዮጵያዊ አናውቅም።

ያስቸገረን ማዕዱ ነበር። ሱዳናዊ ብቻውን አይበላም። ቁርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ትልቅ ትሪ፣ «ሲኒያ»፣ ላይ ይቀርባል፤ የሚያልፍ ሁሉ ይጠራል። ክርስቲያኖቹ ግን በአገራችን ልማድ እስላም ያረደውን አንበላም፤ እነሱ ይህን ልማድ ሰምተውት አያውቁም። «ታሞ ነው እንዴ?» ይላሉ። አንዳንዶቻችን ሰበብ ስናበዛ ሰነበትን፤ አንዳንዶቻችን ዓመቱን ሙሉ «ጾም ነው» አልን። የኦምዱርማን ሞረዳ የዓሣ ገበያ ያዳነን በዚያን ጊዜ ነው። ፉልም አድኖናል፤ በሰሊጥ ዘይት ታሽቶ «ያለ ጂብና» ብለህ ካዘዝከው ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ከጊዜ በኋላ ከእኛ አንዳንዱ በላ፣ አንዳንዱ እስከ መጨረሻው ጸና። በዚህ ተጣልተን ነበር፤ አሁን ስናስበው የሚያጣላ አልነበረም። የሚያሳፍረን ለጎረቤታችን ለሐጃ እውነቱን ለመናገር ሦስት ዓመት መፍጀታችን ነው። በነገርናቸው ጊዜ እሳቸው የተቀየሙት ሥጋቸውን ባለመብላታችን አልነበረም፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ደበቃችሁኝ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ የእኛን ድስት ለብቻ ይሠሩልን ጀመር።

እሑድ የሥራና የትምህርት ቀን ነው። ክርስቲያን ሠራተኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለጸሎት እንዲፈቀድለት ደንቡ ይላል፤ ፈተና ግን ደንብ አያውቅም። ከቅዳሴ ወጥቶ በሩጫ ፈተና የገባ፣ ፈተናውን መርጦ ቅዳሴ ያስቀረም አለ። ለእኅቶቻችን ደግሞ ከዚህ የከበደ ነበር። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 «ነውረኛ አለባበስ» የሚለውን ይቀጣ ነበር፤ ነውሩ ምን እንደሆነ የሚወስነው ግን ያገኘሽ ፖሊስ ነው። አንዷ ጓደኛችን ለፈተና ስትሄድ ሻሿ ከራሷ ተንሸራቶ ተይዛ ያን ቀን በጣቢያ ዋለች፤ ኮርሱንም በሚቀጥለው ዓመት ደገመች። ሻይ እየሸጡ ለትምህርት የሚከፍሉ እኅቶቻችንም «ከሻ» በሚሉት አፈሳ ብርጭቆና ማንደጃቸው ይወሰድ ነበር። የሕዝብ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በኖቬምበር 2019 ሲሻር፣ ዜናውን የሰሙት አብዛኞቹ እኅቶቻችን በሌላ አገር ሆነው ነው።

ይህን የምንጽፈው ሱዳንን ለመውቀስ አይደለም። በዚያው መንግሥት ዘመን፣ በዚያው ግቢ ውስጥ፣ «ሩክን ኒቃሽ» የሚሉት የክርክር ማዕዘን ነበር፤ ተማሪው ቆሞ መንግሥትን በስሙ እየጠራ ይወቅሳል፣ ሌላው ይመልስለታል። ከደርግ ዘመን ፍርሃት የወጣን እኛ መጀመሪያ ስናይ ከአካባቢው ሸሸን፤ በሁለተኛው ዓመት ዳር ቆመን ሰማን። በረመዳን ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰዎቹ ምንጣፍ መንገድ ላይ አንጥፈው አላፊ አግዳሚውን እጁን ይዘው ያስቀምጡታል፤ ሃይማኖቱን የሚጠይቅ የለም። በየደጁ የሚቀመጠው የውኃ እንስራ፣ «ዚር»፣ ለማንም የተሞላ ነው። በ45 ዲግሪ ሙቀት ከዩኒቨርሲቲ እስከ ጃክሰን አውቶቡስ መናኸሪያ በእግሩ የሄደ ተማሪ የዚር ውኃ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ትምህርቱና ዕቁቡ

ብዙዎቻችን ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ አሜሪካ ስንሻገር፣ የካርቱም ሰርቲፊኬታችን የሚያውቀው አላገኘም። ወለድ ያልተማረ የሒሳብ ሠራተኛ ማን ይቀጥራል? እንደ ገና ክፍል የገባን አለን፤ ወረቀቱን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጠን ታክሲ የነዳንም አለን። ወደ አገር ቤት የተመለሱትም መጀመሪያ ያው ነበር ዕጣቸው። ነገር ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2011 ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲሰጡ መመሪያ አወጣ፤ በ2021 ደግሞ ዘምዘምና ሒጅራ የሚባሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። «ሙራበሐ» የሚለው ቃል በአማርኛ ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ ስናይ፣ በኒለይን የኋላ ወንበር ላይ የተንሾካሾክነው ነገር ትዝ አለን።

ከእኛ መካከል እስከ 2023 ካርቱም የቆዩ ነበሩ። ከድሮ የክፍል ጓደኞቻችን ጋር አንድ ዕቁብ ነበረን፤ ሰባት እኛ፣ አምስት ሱዳናውያን፣ ድምር አሥራ ሁለት። እነሱ «ሰንዱቅ» ይሉታል፣ አሠራሩ አንድ ነው። ጸሐፊው ከእኛ፣ ዳኛው ከእነሱ ነበር። ስምንት ዕጣ ወጥቶ አራት ሰው ሲቀር ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ተነሣ። ቀኑ ለእኛ ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ለፋሲካ ዶሮ የገዛን ገዝተናል። ለእነሱ የረመዳን መጨረሻ ሳምንት ነው። ከዚያ ያለው ይታወቃል፤ ከፊሉ በገላባት ወደ መተማ፣ ከፊሉ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከፊሉ ወደ ግብፅ ተበተነ። በግንቦት ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የመሐመድ ዑመር በሺር ማእከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። የስንቶቻችን ውጤት የት እንዳለ ዛሬም አናውቅም፤ ስለዚህ ሰርቲፊኬትና የውጤት ወረቀት በእጃችሁ ያላችሁ ሁሉ ኮፒውን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንድታደርሱ በዚሁ አጋጣሚ እናሳስባለን።

ጸሐፊያችን መተማ ሲደርስ በቦርሳው የነበረው አንድ ቅያሬ ልብስና የዕቁቡ ደብተር ነበር። ጥያቄው ከጥቂት ወራት በኋላ በስልክ መጣ። ዕቁቡን ከበሉት አንዳንዶቹ፣ ሁላችንም ከስረናል፣ ኪሳራው እኩል ይከፈል አሉ። ዳኛው ግን፣ ይህ ሙሻረካ አይደለም፣ የበላ ሰው የተበደረ ሰው ነው፣ ብድር ደግሞ ይመለሳል አሉ። የድሮው ክፍል እንደ ገና የተከፈተ መሰለ፤ በዚህ ጊዜ ግን እኛም ተከራከርን። ቀጥሎ ሌላ ችግር መጣ። ፓውንዱ ወድቋል፤ በዚያው ቁጥር ቢከፈል ያልበሉት አራቱ የሚደርሳቸው ሲሶውን እንኳ የማይሞላ ነው። ያን ጊዜ ነው ከእኛ አንዷ፣ ያችው ቃላቱን በሁለት ዓምድ የመዘገበችው፣ ኢዛለት አል ጉብንን ያነሣችው። የኤፕሪሉ መዋጮ ስንት ኪሎ ስኳር ይገዛ እንደነበር ተሰላና፣ የዚያኑ ያህል ስኳር የዛሬ ዋጋ እንዲከፈል ሁሉም ተስማማ።

ክፍያው ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። ሱዳናውያኑ በካርቱም ባንክ «ባንክክ» በሚሉት የስልክ አገልግሎት ላኩ፤ እኛ በገላባት ነጋዴ በኩል አደረስን። አንዱ፣ ሱቁ ሙሉ በሙሉ የተዘረፈበት፣ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያለ ጨረሰ። ደብተሩ ዛሬም በጸሐፊያችን ዘንድ አለ፤ ግማሹ በአማርኛ ከግራ፣ ግማሹ በዐረብኛ ከቀኝ የተጻፈ ነው። ካልበሉት አራቱ ሦስቱ ገንዘባቸውን ተቀብለው ፈርመዋል። አራተኛው ከኦምዱርማን የክፍል ጓደኛችን ነው፤ ከ2023 ግንቦት ወዲህ ስልኩ አይመልስም፣ ቤተሰቡንም ያየ አላገኘንም። ድርሻው ተቀምጦለታል። ከእናንተ መካከል ዐረብኛ ቤት የሚገባ፣ ካይሮ ወይም ፖርት ሱዳን ዘመድ ያለው ካለ፣ ስሙን በጽሕፈት ቤቱ ጠይቆ እንዲያፈላልግልን እንለምናለን።